የስኳሩ ዕዳ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከጅማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና መንደር ከወንድሟ ጋር ሁለት የእንግዳ ክፍሎች ሠርታ ለመክፈት የምትሰናዳ፣ በሆቴል ሙያ የሠለጠነች አንዲት ወጣት እቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። ጥያቄዎቿን በደብተር ጽፋ ስለመጣች አንድ በአንድ አነሣን፤ ስለ አልጋ ልብስ፣ ስለ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ስለ ፍራሽ ውፍረት ሳይቀር ተነጋገርን። በደብተሯ ያልጻፈችውን አንድ ጥያቄ ግን የጠየቀችኝ ለመሄድ ተነሥታ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ቤታችን መጥቶ ቡና የጠጣን ሰው ሒሳብ መጠየቅ ነውር አይሆንብንም?» አለችኝ። እኔም «ምን ነውር አለው፣ ሥራ እኮ ነው» ብዬ በአጭሩ መለስኩላትና ሸኘኋት።

መልሱ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም የልጅቷ ጥያቄ 1989 ዓ.ም. ላይ መልሶ ጥሎኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ዓመት በአንድ የገጠር ቤት ያደርኩበትን ሌሊት ሳላስታውስ የዋልኩበት ቀን የለም ማለት እችላለሁ። ለእሷ በበር ላይ የነፈግኋትን መልስ፣ እንደ እሷ በገጠር እንግዳ ለመቀበል ለተዘጋጃችሁ ወጣቶች ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ለመስጠት የተነሣሁት ለዚህ ነው።

በጅማ ከተማ በሆቴል ሥራ ከአስተናጋጅነት እስከ ሥራ አስኪያጅነት 34 ዓመት አገልግያለሁ። ስለ ፈገግታ፣ ስለ ጥፍር መቆረጥ፣ ስለ ሳሕን አያያዝና ስለ ንጽሕና መምህሮቻችሁ ስላስተማሯችሁ እዚህ አልደግመውም፤ ይህንን በሠለጠናችሁበት ቦታ ካልያዛችሁት ከእኔ ደብዳቤም አትይዙትም።

በ1989 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ እኔ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ሆቴል ሦስት ጀርመናውያን አርፈው ነበር፤ ባልና ሚስት፣ ከእነሱም ጋር የሚስትየዋ ታላቅ እኅት። በዚያን ጊዜ ጅማ የሚመጣ ጎብኚ በአብዛኛው ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፣ ወደ ሙዚየሙ ጎራ ይላል፣ ገበያ ዞሮ ሦስት እግር በርጩማ ይገዛና በማግስቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እነዚህ ሦስቱ ግን ቡና ከዛፉ ላይ ሲለቀም ለማየት እንደሚፈልጉ አጥብቀው ተናገሩ። እንግሊዝኛም ኦሮምኛም ስለምናገር አለቃዬ አብሬያቸው እንድሄድ አዘዘኝ፤ ሾፌር ያለው ላንድ ክሩዘር ተከራይተን በጠዋት ወደ አጋሮ አመራን። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን ከዚያ ወዲያ ያለው የጎማ ወረዳ በሙሉ የቡና አገር ነው። ቡና መጀመሪያ የተገኘባት ናት የምንላት ጮጬም በዚያው ወረዳ ናት፤ በዚህ ነገር ቡና የተገኘው በእኛ ነው ከሚሉት ከካፋ ቦንጋ ሰዎች ጋር የምንከራከረውን ክርክር ለጊዜው ልተወውና፣ ከአውራ መንገዱ ወጥተን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ እንግዶቹ የተመኙትን አገኙ። ቀይ እሸት ቡና ቅርንጫፉን አጉብጦት ነበር፤ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል የሚሆነውን በእጃቸው እያገላበጡ አዩ፤ ለቃሚዎቹ ቅርጫት ሰጥተዋቸው እነሱም ለቀሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚያስመሰግን ጉብኝት ነበር።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናችን ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትታ አንድ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ሾፌሩ በእግሩ ዕርዳታ ፍለጋ ሄዶ ሳይመለስ መሸ። ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ መጣና አያቱ ግቡ እንዳሉን ነገረን።

ቤቱ በእንሰት የተከበበ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ ጓዳ ያለው ነበር። እኚያ እናት በሩ ላይ ተቀብለውን «ኬሱማ ረቢ» አሉ፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ማለታቸው ነው። ከግድግዳው ሥር ሦስት እግር በርጩማ አነሡና መቀመጫውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለታላቅየዋ እኅት ሰጧት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ በመቀመጥ ብዛት መሐሉ የለሰለሰ አሮጌ በርጩማ ነበር፤ ሴትዮዋ ከመቀመጧ በፊት በመዳፏ ዳሰሰችው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ገበያ ላይ ቫርኒሽ ያብረቀረቀው አዲስ በርጩማ በውድ ገዝተው ነበር።

ቡናው ሲወቀጥ እናትዬዋ ወደ እኔ ዞር ብለው «በጨው ነው የሚጠጡት ወይስ በስኳር?» ብለው ጠየቁኝ። እንግዶቹ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ መጠየቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ፈረንጅ ምን እንደሚጠጣ የማውቅ የሆቴል ሰው ስለሆንኩ «በስኳር» አልኩ። እናትዬዋ ልጁን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩትና ልጁ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ለምን እንደወጣ ልብ አላልኩም። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ተመለሰ፤ ከሸሚዙ ሥር፣ ከብብቱ ውስጥ፣ ዝናብ እንዳይነካው የደበቀውን በደብተር ወረቀት የተቋጠረ ስኳር አወጣ። ወረቀቱ ከአንድ ጥጉ ርሶ ስኳሩ እዚያ ጋ ጓል ሠርቶ ነበር። አያቱ ቋጠሮውን ፈትተው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡት። ሦስቱም እንግዶች ቡናቸውን ያለ ምንም ነገር ጠጡት። ስኳሩ አፉ ተከፍቶ እስከ በረካ ድረስ እዚያው ቆየ።

ታላቅየዋ እኅት ባለቤቲቱ በራሳቸው ሲኒ ላይ ቆንጥረው የጨመሩትን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጨው መሆኑን ስነግራት ዓይኗ በራ፤ እሷም ልትቀምስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ ሳቅሁ። የገጠር ሰው ልማድ እንደሆነና እንደማይስማማት አስረዳኋት። እናትዬዋ «ምን አሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ቡናው ግሩም ነው እያሉ ነው» አልኩ። ይህችን ሴት ከአገሯ ያስመጣት የእኛን ቡና እንደ እኛ መጠጣት እንደነበር እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የእራቱም ነገር እንደዚሁ ነበር። ባልየው ብስኩትና ሙዝ እንደያዙ፣ እናትዬዋ እንዳይቸገሩ እንድነግራቸው ለመነኝ። አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለ ቃል ለእንግዳ ጉድ ጉድ ለሚል ሰው መንገር ስድብ መስሎ ታየኝ። እናትዬዋ «ዶሮ ይበላሉ?» ሲሉኝ «እንዴታ» አልኩ፤ ጎረቤት ወንድ ተጠርቶ ዶሮዋ ታረደች። ወጡ ደርሶ ሲቀርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ እንግዶቹ ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር፤ ሲቀሰቀሱ ለይሉኝታ ያህል ጥቂት ቀመሱና አልጋ ፈለጉ። እናትዬዋ አልጋቸውን ለባልና ሚስቱ ለቀቁ፤ ለእኅትየዋ ሰሌን ላይ ፍራሽ ዘርግተው ጋቢ ደረቡላት።

ከመተኛታችን በፊት ደግሞ አንድ ነገር አሉኝ፤ «ሽንት ቤቱ ከእንሰቱ ጀርባ ነው፣ መሬቱ ዝናብ ስለጠጣ ያዳልጣል፣ ሌሊት የሚወጣ ካለ ልጁን ይቀስቅሱትና በኩራዝ ይምራቸው» አሉ። እኔ «ባትሪ አላቸው፣ አይቸገሩ» ብዬ መለስኩ። ለእንግዶቹ ደግሞ ስለ ሽንት ቤቱ አቅጣጫ ብቻ ነግሬ ስለ ማዳለጡ ሳልነግር ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ሽንት ቤት ማውራቱ አሳፍሮኝ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ፈልጌ ነበር። ሌሊት ታላቅየዋ እኅት ብቻዋን ወጥታ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፣ መዳፏ ተቧጨረ፣ ልብሷ በጭቃ ተለወሰ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ጠዋት ነው። እናትዬዋ ድምፅ ሰምተው ተነሥተው፣ እሳት አያይዘው፣ ውሃ ለብ አድርገው እጇንና እግሯን አጥበውላታል፤ የራሳቸውን ቀሚስ አልብሰዋት ልብሷን ምድጃ አጠገብ አስጥተዋል። ከዚያም ሁለቱ ሴቶች እሳት ዳር ተቀምጠው አንዳቸው የሌላኛዋን ቋንቋ ሳታውቅ እስኪነጋ ሲያወሩ ነበር አሉ። በዚያ ቤት በዚያ ሌሊት እንከን ያልነበረበት መስተንግዶ ይህ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚው ተኝቶ ነበር።

ጠዋት ሾፌሩ ሰዎችና በሬዎች ይዞ መጥቶ መኪናዋ ከቦዩ ወጣች። ባልየው ወደ ጎን ጠራኝና 200 ብር አጥፎ ለእናትዬዋ እንድሰጥለት ዘረጋልኝ። የዚያን ጊዜ 200 ብር ከወር ደመወዜ ግማሽ ይበልጥ ነበር። እጁን በትሕትና መለስኩትና ደረቴን ነፍቼ «በእኛ አገር እንግዳ አይከፍልም፤ ብትሰጧቸው ይቀየማሉ» አልኩት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብሩንም ወደ ኪሱ መለሰ። እናትዬዋ ከእኛ አራት አምስት እርምጃ ርቀው በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ዞር ብዬ «ይህ ሰው እንዲህ ይላል፣ ምን ልበለው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። መኪና ውስጥ ለሾፌሩ በኩራት ሳወራለት፣ መንገዱን እያየ «ምናለ እሳቸውን ብትጠይቃቸው» አለኝ። ነገር የማይገባው ሰው አድርጌ ቆጠርኩት። በዚያው ቀን ማታ፣ ቧንቧው ሙቅ ውሃ ስላልነበረው፣ ለእነዚሁ እንግዶች ሁለት ባልዲ ሙቅ ውሃ ወደ ክፍላቸው ልኬ ሒሳቡን በራሴ እጅ ደረሰኝ ላይ ጽፌያለሁ።

ወደዚያች መንደር የተመለስኩት በ1996 ዓ.ም. ነው። እናትዬዋ ዐርፈው ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ቤቱን የያዘችው ልጃቸው ማን መሆኔን ስነግራት «አንተ ያ የፈረንጆቹ ሰውዬ ነህ?» ብላ ሳቀች፤ ባሏንም ጠርታ አሳየችኝ። ወሬ ወሬን እያነሣው ያ ስኳር ከአንድ ጎረቤት፣ ለሁለት ኩራዝ ሌሊቱን ሙሉ የነደደው ላምባ ከሌላ ጎረቤት፣ ዶሮዋም ከሦስተኛ ሰው በብድር የተወሰዱ እንደነበሩ ነገረችኝ። ጥቅምት ለቡና ገበሬ እጅ የሚያጥርበት ወር ነው፤ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ዛፍ ላይ ነው። ብድሩ ታኅሣሥ ላይ በጀንፈል ተከፈለ። «ብዙ አልነበረም» አለችኝ፤ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። ከዚያ ግን ሳታስበው የሚከተለውን ጨመረች፦ «እናቴ እስክትሞት ስለ እንግዶቹ ታነሣ ነበር። ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ሰውየው ብቻ እጁ አይፈታም፣ ብሩን አውጥቶ ቆጥሮ ሲያየው አሳዘነውና መልሶ ኪሱ ከተተው ትል ነበር።»

የሆነውን ነገርኳት። ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ታዲያ ለምን እኛን አልጠየቅኸንም?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ያኔ መልስ አልነበረኝም። መቶ ብር ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። ቡና አፍልታ «በጨው ወይስ በስኳር?» ስትለኝ እንኳ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የጀርመኑ ሰውዬ አድራሻውን የጻፈበት ካርድ በዚያን ጊዜ ገና በእጄ ነበር፤ ልጽፍለት እያሰብኩ ስቆይ ቤት ስቀይር ጠፋ።

አሁን ግን መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። አፍሬ ነበር። በጭቃው ቤት፣ በኩራዙ፣ በጨው ቡናው፣ በሽንት ቤቱ አፍሬ፣ እናትዬዋ ሀብታም እንዲመስሉ እንግዶቹም የተከበሩ እንዲመስሉ ፈልጌ በሁለቱም አፍ ውስጥ የራሴን ቃል አስገባሁ። በመጨረሻ ባለቤቲቱን ባለዕዳ፣ እንግዳውን ንፉግ አደረግኋቸው። እነሱ ግን ሁለቱም ልከኞች ነበሩ።

ወጣቶች፣ በየስብሰባው «እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» የሚለውን ቃል ስሰማ የምጨነቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ እንግዳ ተቀባይነት በእጃችን አለ። መስተንግዶ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ተቀባይነት ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል፤ መስተንግዶ ደግሞ ምን እንደሚፈለግ ጠይቆ፣ ያለውንና የሌለውን ተናግሮ፣ ዋጋውን አስቀድሞ አሳውቆ ያንኑ ይሰጣል። አንዱ ሌላውን አይተካም። በየመንገዱ ዳር ባሉ ሆቴሎቻችን የምግብ ዝርዝሩ ላይ 40 ዓይነት ምግብ ተጽፎ፣ እንግዳው ስድስቱን አንድ በአንድ ጠይቆ «አልቋል» ከተባለ በኋላ «ያለው ጥብስ ብቻ ነው» የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? ያቺ አስተናጋጅ ክፉ ሆና አይደለም፤ የለም ብሎ መጀመር ነውር ስለሚመስላት ነው። «ውሃ አሁን ይመጣል» የምንለውም እንደዚሁ ነው። የውሃ ፈረቃው ነገ ጠዋት መሆኑን እያወቅን «አሁን» እንላለን፤ እንግዳው ሳሙና ተቀብቶ ይጠብቃል። በጄሪካን ቀድታችሁ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡና «ቧንቧው እስከ ነገ አይመጣም» በሉት፤ የሚቆጣው ትንሽ ነው።

ስለ አየሩም እውነቱን ንገሩ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ኃብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁባት የ13 ወር የፀሐይ ጸጋ መፈክር ለብዙው የአገራችን ክፍል የምታምር ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ለሚያገኘው ለጅማ ግን ከጃንጥላ ጋር ብትሆን ይሻል ነበር። ዝናባችን ጉድለት አይደለም፤ ጫካውንና ቡናውን ያቆመው እሱ ነው። ቢሆንም እርጥብ ጫማ የሚደርቅበት ቦታ፣ በሩ ላይ ሁለት ሦስት ቦቲ፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ የተነጠፈ ድንጋይና የእጅ መያዣ አጥር የሌለው የእንግዳ ቤት በእኛ አገር ተከፈተ አይባልም። ገንዘብ ካነሰባችሁ ቴሌቪዥኑን ተዉትና ድንጋዩን አንጥፉ። በዚህ ነገር የምታወላውሉ ካላችሁ ስለ አንዲት ሴት ጉልበት የጻፍኩትን መልሳችሁ አንብቡት።

እናንተን ስታዘብ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ እሱንም ልናገርና ይውጣልኝ። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ። በቡና መንደር ውስጥ ፒዛ ለማቅረብ ትጨነቃላችሁ፤ ጓሯችሁ አበባ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ታስቀምጣላችሁ። ባለፈው ዓመት ወደ ጅሬን አንድ ዘመዴን ይዤ ስወጣ፣ መንገድ ላይ ጎረምሶች ከበውን አንዱ ስለቆመበት ጥላ፣ ሌላው ስላሳየን አቅጣጫ፣ ሦስተኛው ፎቶው ውስጥ ገብቻለሁ ብሎ ገንዘብ ጠየቁን። ከፍ ባለ ድምፅ ተቆጣኋቸው፤ በእኛ ጊዜ መንገድ ማሳየት አይሸጥም ነበር አልኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ከላይ የጻፍኩትን አስታወስኩና የተናገርኩት ቃል ለጀርመኑ ከተናገርኩት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ቢሆንም ልዩነት ያለ ይመስለኛል። እነዚያ ልጆች ዋጋቸውን የተናገሩት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ «ላስጎብኝ፣ ዋጋዬ ይህን ያህል ነው» ያለኝ ቢኖር እከፍለው ነበር። እከፍለው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምናልባትም አሁንም እቆጣው ነበር። የዕድሜ ነገር ነው።

ደግሞስ የእንግዳ ሒሳብ ለጅማ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን፣ እሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡበት ጊዜ፣ በዛሬዋ ጅማ ከተማ የነበረው የሕርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። አያቴ በልጅነታቸው ለነጋዴ በቅሎ ሣር አጭደው ይሸጡ እንደነበር ያወሩን ነበር። የሸክሙን ዋጋ የሚናገሩት በቅሎዋ መብላት ሳትጀምር ነው፤ ሣሩ ከተበላ በኋላ ነጋዴ አይጨበጥም ይሉ ነበር። እኚሁ አያቴ ግን የመሸበት መንገደኛ ደጃቸው ሲቆም በነጻ አብልተው ያሳድሩ ነበር፤ ሁለቱ በእሳቸው ዘንድ ተጋጭተው አያውቁም። የቱ ነጋዴ የቱ የመሸበት እንደሆነ ያውቃሉና።

በሰሜን ወሎ በመቄት አካባቢ የገጠሩ ሰው በራሱ ማኅበር የሚያስተዳድራቸውን የእንግዳ ማረፊያዎች የሚያውቅ ሰው የምለው በቶሎ ይገባዋል። እዚያ እንግዳው ከተራራው ከመውጣቱ በፊት የአዳሩን፣ የምግቡንና የመሪውን ዋጋ ያውቃል፤ ስለዚህ ማታ ጎጆ ውስጥ ሲገባ ባለቤቶቹም እሱም ስለ ገንዘብ ማሰብ አቁመው ይጫወታሉ። ለእኛም አካባቢ የሚመጣው እንግዳ እየተለወጠ ነው። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ቦንጋ የሚያልፉ ጎብኚዎች መንገዳቸው በእኛ ላይ ነው፤ ያገሬው ሰውም ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ ቡና ሊያሳይ መምጣት ጀምሯል። ያገራችሁን ልጅ ደግሞ ከፈረንጁ አሳንሳችሁ አትዩት። ፈረንጁ ሲገባ ብድግ ብላችሁ፣ አበሻው ሲገባ ስልካችሁ ላይ እንደተደፋችሁ ስትቀሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ለዓመታት ያደረግሁት ስለሆነ በደንብ እለየዋለሁ።

ከእናንተ መካከል አስጎብኚ ወይም አስተርጓሚ የሚሆን አለ። ለዚያ ሰው የምለው አጭር ነው፦ የተባለውን በሙሉ አስተላልፍ። እንግዳው «አልፈልግም» ካለ አልፈልግም አለ በል፤ ባለቤቲቱ «ያዳልጣል» ካሉ ያዳልጣል በል። የሚያሳፍር ከመሰለህ አንገትህን ደፍተህም ቢሆን ተናገረው። ገንዘብ ሲዘረጋ ደግሞ እጅህን አታስገባ፤ ባለቤቲቱ ይቀበሉ ወይም ይመልሱ፣ እሳቸው ያውቃሉ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ በሩ ላይ ቆመሽ ወደ ጠየቅሽኝ ልጄ። ነውሩ ሒሳብ መጠየቁ ላይ ሳይሆን፣ ሳይነገር ቆይቶ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ላይ ነው። ጎረቤትሽ፣ ዘመድሽ፣ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሲመጣ እናትሽ እንደለመደችው ታድርግ፤ በዚያ ላይ እኔ ምንም አልልም። ክፍል ይዞ የሚመጣው ግን የአዳሩን፣ የቁርሱን፣ የእራቱንና የቡናውን ዋጋ ከመግባቱ በፊት በሰሌዳ ላይ ያንብብ፤ በጨው የሚለውም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፣ ለጨው የምትጠይቂው ተጨማሪ ገንዘብ ባይኖርም። ዋጋ ስታወጪ ከገበያ የገዛሽውን ብቻ አትቁጠሪ። ከጓሮሽ የለቀምሽውን ቡና ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ቁጠሪው፤ የማገዶውን፣ ወንድምሽ ውሃ የሚያመላልስበትን ጊዜ፣ እናትሽ ቡና ለማፍላት የምትቀመጥበትን ሁለት ሰዓት አስገቢ። ከጎረቤት የምትበደሪው ነገር ካለም፣ ስኳርም ቢሆን፣ በዚያው ዕለት ማታ የሚከፈልበትን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪ። ሒሳቡን ጽፈሽ ስትጨርሺ፣ ሰሌዳውን ከማስጻፍሽ በፊት ወረቀቱን በወንድምሽ በኩል ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።